ክዳን ያልከለላት ኮከብ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ምርቃት ያነሳል፣ ሰርግ ያነሳል። በከተማው ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው እሱ ብቻ ስለነበረ የማያውቀው ፊት አልነበረም።

ቆይ፣ አትነሳ አንዳርጌ። ጥያቄህን ረስቼው አይደለም። «መምህር፣ አንድን ነገር ሺህ ጊዜ ካየሁት እንዴት ብዬ ልጠራጠረው?» ነው ያልከኝ። ታናሽ ወንድሜ ውብሸት ይንቀኛል አልክ። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ተሳስቼ ይሆናል እል ነበር፣ ግን ባየሁት ቁጥር ያው ነው አልክ። ስለዚህ እሁድ ሰርጉ ላይ አልገኝም፣ በሟቹ አባታችን ቦታ ሆኖ የሚመርቀው ሌላ ሰው ይፈልግ ብለህ ቆርጠሃል። እኔ ዘንድ የመጣኸውም «አበጀህ፣ ልክህን ነው» እንድልህ ነው። አልልህም። ወንበርህን ወደ ፀሐዩ ሳብ አድርግና ስማኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስ ሳስተምር ጣልቃ የሚገባብኝን ተማሪ ደጅ ነበር የማስወጣው። አንተንም አስወጥቼህ አውቃለሁ።

ይህ ፎቶ አንሺ ሰማይ ይወድ ነበር። ማታ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሻማና ክብሪት ፍለጋ ሲራወጥ የእሱ ልብ ቅቤ ይጠጣል። የመንገዱ መብራት ሲጠፋ ነዋ ሰማዩ የሚበራው! ካሜራውን ብድግ አድርጎ ጓሮ ይወጣል፣ ሦስት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ያስረዋል፣ ፊቱን ወደ ላይ ያዞረውና ቁልፉን ይጫናል። ሚስቱ በመስኮት ብቅ ብላ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታነሳ ነው? ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ንገራቸው» እያለች ትስቅበታለች።

የሰው ፎቶ ብልጭ ብሎ ያልቃል። የሰማይ ፎቶ እንደዚያ አይደለም። የኮከብ ብርሃን ጥቂት በጥቂት ነው የሚገባው፤ ካሜራው ዓይኑን ሳይጨፍን ረዘም ላለ ጊዜ አፍጥጦ መቆየት አለበት። እንዲያም ሆኖ የሚወጣው ፎቶ ያሳዝናል። ደብዛዛ ነው፣ ከላዩ ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የትኛው ኮከብ እንደሆነ የትኛው አሸዋ እንደሆነ አይለይም። ሰውየው በዚህ ተበሳጭቶ ሲጠይቅ፣ ሲያነብ፣ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ዘዴውን ነገሩት። አንድ ፎቶ አይበቃህም አሉት። ዛሬ አንሳ፣ ነገም አንሳ፣ ሰማዩ በጠራ ማታ ሁሉ ያንኑ ቦታ አንሳ። ከዚያ ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው።

ለምን እንደሚሠራ ልንገርህ፤ ይቺን ሳላስረዳ ማለፍ አልችልም። አሸዋው በየፎቶው የሚወድቀው በተለያየ ቦታ ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። ኮከቡ ግን ሁልጊዜ ያው ኮከብ ነው። ስትደርበው ኮከብ በኮከብ ላይ ይጨመርና ይደምቃል፣ አሸዋው ግን ጓደኛ አጥቶ ይጠፋል። ማኅሌት ቆመህ ታውቃለህ አይደል? አንዱ ያስለዋል፣ አንዱ ድምፁ ይሰበርበታል፣ አንዱ ቃሉ ይጠፋዋል። ሁሉም በአንድ ዜማ ሲሄዱ ግን ሳሉ የት እንደገባ አታውቀውም። የሚሰማህ ዜማው ብቻ ነው።

ነገር ግን ጣጣ አለው። ሰማይ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ይዞራል። ካሜራውም ጠዋት ተነቅሎ ማታ ሲተከል ትናንት በቆመበት ልክ አይቆምም። ስለዚህ ከመደረብህ በፊት እያንዳንዱን ፎቶ ገፋ፣ ዞር እያደረግህ የዛሬዋን ኮከብ በትናንቷ በራሷ ላይ ማሳረፍ አለብህ። ትዕግሥት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ዓይን ያፈዛል፣ ወገብ ይቆርጣል። ሰውየው ቀን ቀን የደንበኛ ፎቶ እያጠበ፣ በትርፍ ሰዓቱ ይህንን ሲገፋና ሲያዞር ሰለቸው።

ልክ በዚህ ጊዜ አንዲት ቀይ ኮከብ አገኘ። በሁሉም ፎቶ ላይ አለች። ከታች፣ ወደ ግራው ጥግ ጠጋ ብላ፣ ቁልጭ ያለች ቀይ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ እዚያ ነች፣ ሁለተኛው ላይም እዚያው ነች፣ ሌላ ማታ የተነሳው ላይም ንቅንቅ አላለችም። ሌሎቹ ከዋክብት በየፎቶው ሲዋልሉ እሷ በመርፌ የተሰፋች ይመስል ቦታዋን አትለቅም። ሰውየው ደስታው ልክ አጣ። ይቺን የመሰለች ታማኝ ኮከብ እያለችልኝ ለምን እደክማለሁ አለ። ፎቶዎቹን ሁሉ በእሷ ልክ አስተካከላቸው። ደግሞ ምን ማስተካከል አለው? እሷ ሁሉም ላይ እዚያው ስለሆነች ምንም መግፋት፣ ምንም ማዞር አላስፈለገውም። እንዳሉ ደረባቸው።

ሲደርብ ደመቀች። ሲጨምር ይብስ ደመቀች። የተራገበ ፍም ሆነች። ሌሎቹ ከዋክብት ግን ተጎተቱ፣ ተዝለገለጉ፤ ሰማዩ በሙሉ ድመት የቧጨረው በር መሰለ።

ሚስቱ መጥታ አየችና «ምነው? ሰማዩን ምን አገኘው?» አለችው።

«እሱን ተይው። እነሱ ናቸው የማይረጉት» አላት። «አንቺ የእኔዋን ተመልከቺ፤ እንዴት አድርጋ እንደረጋች።»

እዚህ ላይ ፈገግ ትላለህ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላልክም። ይሁን፣ እንቀጥል።

ሰውየው የከዋክብት ካርታ አውጥቶ ኮከቡን ፈለጋት። የለችም። ሌላ ካርታ ፈለገ፣ እሱም ላይ የለችም። ሌላ ሰው ቢሆን «ካርታው ላይ ከሌለች እንግዲህ የለችም» ይል ነበር። እሱ ግን «እስከዛሬ ማንም አላያትም ማለት ነው» አለ። እንዲህ ነው ሰው፤ አንዴ የሚወደውን ነገር ካገኘ ማስረጃ ሁሉ ወደዚያው ይፈስለታል። የሚጠላውንም ካገኘ እንደዚያው ነው፤ እሱን በኋላ እንመጣበታለን።

በዚያው ሰሞን ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳለት ነበር። ብዙ የተጠበቀች ልጅ ናት። ጎረቤቱ ሁሉ ስለት ሲሳልላት፣ ሲጸልይላት የኖረ፣ ስትወለድ ሰፈሩ በእልልታ የተናወጠላት ልጅ። አባት እንግዲህ ለእንዲህ ያለች ልጅ ምን ይስጣት? ሰውየው ሲያስብ ሰነበተና ኮከቧን በስሟ እሰይምላታለሁ አለ። ፎቶውን በትልቁ አሳተመው፣ በፍሬም አስገባው፣ የክርስትናዋ ዕለት እስኪገለጥ ድረስ በነጠላ ሸፍኖ ሳሎን ሰቀለው። ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል። ፀጉሩን ሲስተካከል ያወራል፣ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሰው አገጩን ቀና እያደረገ ያወራል።

የሚያምነውም የማያምነውም ነበረ። ካላመኑት መሃል የሚስቱ አጎት አንዱ ነው። በእጁ ያልዳሰሰውን ነገር የማይቀበል፣ ስኳሩን እንኳ ስኳር መሆኑን ሊያረጋግጥ ሻዩ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት የሚቀምስ ሰው ነበር። «ከተማ ሙሉ ሰው ያላየውን ኮከብ አንተ በምን ዓይንህ አየኸው?» እያለ ነጋ ጠባ ሲተነኩሰው ፎቶ አንሺው አንድ ቀን ደሙ ፈላና በሰው ፊት ማለ። «ይቺ ኮከብ ውሸት ከሆነች ካሜራ የሚባል ነገር ሁለተኛ በእጄ አልይዝም» አለ። አጎትየውም «ሰምታችኋል» ብሎ ዙሪያውን ያሉትን ምስክር አደረገ። እንግዲህ አስበው፤ እንጀራው ካሜራው ነው፣ ደስታውም ካሜራው ነው። ሁለቱንም በአንዲት ቀይ ነጥብ ላይ አስያዘ።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ልጅቷ ነጭ በነጭ ለብሳ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ዋለች። ከሰዓት በኋላ ነጠላው ተገፈፈና ፎቶው ተገለጠ። ሰው አጨበጨበ። አጎትየው ግን ጠጋ ብሎ ጥግ ጥጉን ሲመረምር ቆየና «ፎቶ ላይ ምን የማይሠራ አለ? እኔ ራሷን ነው ማየት የምፈልገው» አለ። ፎቶ አንሺው «ይምሽ ብቻ» አለው። ሊሄድ የተነሳው እንግዳ ሁሉ ይህን ሲሰማ ተመልሶ ተቀመጠ።

ጀምበር ጠልቃ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር ቴሌቪዥኑ ወደ ግቢ ወጣ፣ ካሜራው ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያያዘ፤ ሁሉም ሰው እንዲያይ ነው። የግቢው አምፖል ጠፋ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አሰረው፤ ደስታውም ጠጁም ተደማምረው ያጣድፉታል። ወደ ላይ አቀናና ቁልፉን ተጫነ። «ፀጥ በሉ» አለ፤ ኮከብ በወሬ የሚደነግጥ ይመስል። አጎትየው ራሱ ማላመጡን አቆመ።

ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ። በጥቁሩ ውስጥ፣ ከታች፣ ወደ ግራው ጥግ ጠጋ ብላ፣ ያቺ ቀይ ኮከብ ብቅ አለች።

እልልታው ሌላ ነው። ሴቶቹ ተነሱ፣ ወንዶቹ ተቃቀፉ፣ አጎትየው ደግሞ መጥቶ የፎቶ አንሺውን ግንባር ሳመና «ማረኝ» አለው። ሰውየው እንባው መጣ። በዚህ መሃል የልጅቷ የክርስትና እናት ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ካሜራው ሄደች። ልጅቷን ፊት ለፊት አድርጋ «ይኸውልሽ፣ በዚህ በኩል ነው ኮከብሽ የገባችው» ልትላት ነው። ጎንበስ አለች፣ አየች፣ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ይሄ አፉ ላይ የተደፋው ምንድን ነው?» አለች።

የሌንሱ ክዳን ነበር። ሰውየው በጥድፊያው ክዳኑን ሳያነሳ ነው ፎቶ ያነሳው።

እልልታው ከፊት እየተቆረጠ እየተቆረጠ ወደ ኋላ ሄደ። ፎቶ አንሺው መጣና ክዳኑን አንስቶ አየው፣ መልሶ ገጠመው፣ እንደገና ቁልፉን ተጫነ። ሰው ጠበቀ። ኮከቧ ወጣች። አላመነም። ጋቢውን አውልቆ ካሜራውን እንዳለ ጠቀለለውና ደግሞ ተጫነ። ኮከቧ ከጋቢው ውስጥም ወጣች፣ ያውም በዚያችው በጥጓ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ ጥቃቅን ነጥቦች አሉ፤ ከብዛታቸው የተነሳ ቆጥረህ አትጨርሳቸውም። ከእነሱ አንዷ ትታመማለች። የታመመችዋ ብርሃን መጣም አልመጣም «ቀይ አየሁ» ትላለች። ቀን ቀን ብልጭ በሚለው ፎቶ ላይ አትታወቅም። ካሜራው ጨለማ ላይ አፍጥጦ ሲቆይ ነው የምትወጣው። ሰውየው በሁሉም ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ ያገኛት ለዚህ ነበር። ሰማዩ ሲዞር ሰማይ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይዞራል፤ እሷ ያልዞረችው ሰማይ ላይ ስላልነበረች ነው።

ሁሉም ሰው መሐላው ትዝ ብሎታል፤ የሚናገረው ግን ጠፋ። አጎትየው ራሱ አሁን መሬት መሬት ነው የሚያየው። ፎቶ አንሺው የካሜራውን ማንገቻ ከአንገቱ አወጣ። ሚስቱ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እሱም ካሜራውን በሁለት እጁ ይዞ ለአጎትየው ዘረጋለት። «ምያለሁ» አለ።

የክርስትና እናቲቱ ሕፃኗን ወደ ሌላው ክንዷ አዘዋወረችና «የምን መሐላ?» አለች። «ውሸት ከሆነች አልክ እንጂ ሌላ ምን አልክ? ውሸት አይደለችም። ሁላችንም በዓይናችን አየናት። ኮከቧ አለች። ያለችው እዚህች ዕቃ ውስጥ ነው እንጂ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን ይመስልሃል? እሱ ራሱ ነው። ከሆዱ ገንፍሎ የመጣ፣ እንባ የተቀላቀለበት ሳቅ ነበር፤ ቆሞ መሳቅ አቅቶት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ሚስቱ ሳቀች፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። አጎትየው ካሜራውን ተቀብሎ አንገቱ ላይ መልሶ ሲያጠልቅለት እሱም እየተንፈቀፈቀ ነበር። ሕፃኗ ነቅታ ታለቅስ ጀመር፤ ማንም አልሰማትም። እንግዳው ዳግመኛ ለጨዋታ ተቀመጠ፣ ያለቀው ድግስ እንደ አዲስ ተጀመረ።

ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ካሜራውን ይጥላል፣ ወይም ሰማይ ማንሳቱን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። እሱ ሁለቱንም አላደረገም። እነዚያኑ አሮጌ ፎቶዎች ከፈታቸው። ይቺን ልብ በልልኝ፤ አዲስ ፎቶ አላነሳም። እነዚያኑ ነው የከፈተው። አሁን ግን ቀይዋን ትቶ ያን ሲሸሸው የነበረውን ሥራ ያዘ። አንዱን ፎቶ ገፋ፣ ሌላውን ዞር እያደረገ፣ ኮከብን በኮከብ ላይ አሳረፈ። ፎቶዎቹ በሰማዩ ልክ ሲስተካከሉ ያቺ ቀይ ነጥብ በተራዋ መዋለል ጀመረች። በአንዱ ላይ እዚህ ወደቀች፣ በሌላው ላይ እዚያ፤ የሚያግዛት አጣችና ጠፋች።

እሷ ስትጠፋ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የተቧጨረው ሁሉ ተሰብስቦ ጥርት ያሉ ከዋክብት ሆነ። ደርቦ ደርቦ ሲጨርስ በከዋክብቱ መሃል ከዚያ በፊት ያላየው ስስ ብርሃን ወጣ። የጉም ዓይነት ነው፣ ቀላ ያለ፣ አንዱ ዳሩ እንደ ተተረተረ ጥጥ የሳሳ። በአንዱም ፎቶ ላይ ለብቻው አይታይም፤ ግን በሁሉም ውስጥ ጥቂት ጥቂት ነበረ። በእነዚያ ማታዎች ሁሉ ብርሃኑ ሲገባለት ከርሟል፣ እሱ ግን በአንዲት የታመመች ነጥብ ምክንያት ሲጎትተውና ሲቧጭረው ነበር። ሚስቱን ተጣራ። ልጅቷን እያጠባች መጣች፣ አየች፣ አጠገቡ ተቀመጠች። ሰውየው ያን ቀን የተሰማውን ደስታ ሲያወራልኝ አሁንም ድምፁ ይለወጣል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ልማድ አለው። ሰማይ ሊያነሳ ሲወጣ መጀመሪያ ክዳኑን ሆን ብሎ ይገጥምና አንድ ፎቶ ያነሳል። በጨለማው ላይ የሚወጣው ነጥብ የካሜራው እንደሆነ ያውቃል፣ ከሰማዩ ላይ ይቀንሰዋል። ሁለተኛ፣ ካሜራውን በየፎቶው መሃል ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል። አንድ ቦታ ተተክሎ ካነሳ ጉድፉ በጉድፉ ላይ እየተደረበ እንደሚደምቅ ገብቶታል። ያን የብርሃን ጉም ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣው ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ ኮሌታውን ማስተካከል ይረሳል።

ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ አንተ ልምጣ አንዳርጌ፤ ፊትህን አታዙርብኝ።

«ሺህ ጊዜ ያየሁትን እንዴት ልጠራጠር?» አልከኝ። ፎቶ አንሺውም ሺህ ጊዜ አይቷል። ብዙ ጊዜ ማየት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያየህ ዓይን ያው አንድ ዓይን ነው። የምጠይቅህ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ተቀምጠህ የታክሲ ረዳቱ ናቀኝ አልከኝ። በፆሙ ጊዜ ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ መድኃኒት ጻፈልኝ፣ ናቀኝ አልክ። የባለቤትህ እህት በሰላምታዋ ናቀችህ። የሰፈሩ ዕድር ሊቀመንበር ስምህን ዘግይቶ በመጥራቱ ናቀህ። ካሜራህን ወዴት ብታዞረው ያቺ ነጥብ በዚያችው ጥግ አለች። ሰማዩ ሲለዋወጥ እሷ አትለወጥም። እንግዲህ የማን ነች?

እስቲ ደግሞ ክዳኑን ግጠምና እይ። ማታ ብቻህን ስትተኛ፣ ውብሸት በሌለበት፣ ማንም በሌለበት፣ ንቀቱ ይታይሃል አይታይህም? ይታይሃል። ከዓይንህ ላይ አነበብኩት፣ አትመልስልኝ። ስሜትህ ውሸት ነው እያልኩህ አይደለም ልጄ። አለ። ያንገበግባል። የክርስትና እናቲቱ እንዳለችው ነው፤ አለ፣ ያለው ግን አንተ ዘንድ ነው። በዚህም አታፍር፤ ጉድፍ የሌለው ካሜራ አልተሠራም። ያንተን የተከለብህ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ወንድምህ ግን አይደለም። እሱ ሰማዩ ነው። በአንተ ነጥብ ልክ ስታስተካክለው ነው የተቧጨረብህ።

«እና ያ ሁሉ ዓመት ባዶ ቀረ?» እንዳትለኝ። አልቀረም። ፎቶዎቹ አሉህ። አንድም አዲስ ፎቶ አያስፈልግህም። እነዚያኑ አውጣና በወንድምህ ልክ አስተካክላቸው። ና፣ አሁኑኑ አብረን እንሞክር። ከሺሁ መሃል አንዱን ስጠኝ። የናቀህበትን አንድ ቀን ንገረኝ፤ ዋነኛውን፣ በጣም ያቃጠለህን።

ምን? ድምፅህን ከፍ አድርገው፣ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። «ሱቁ በሄድኩ ቁጥር ገና ስገባ ብድግ ብሎ ይወጣል። አብሮኝ መቀመጥ እንኳ አይፈልግም።»

ጥሩ ፎቶ ነው። ሱቁን አውቀዋለሁ፤ ስልኬ በተበላሸ ቁጥር የምሄደው እሱ ዘንድ ነው። ክንድህን ግራና ቀኝ ብትዘረጋ ግድግዳ ትነካለህ። መሥሪያ ጠረጴዛ አለ፣ መደርደሪያ አለ። ወንበርስ ስንት አለ? ... ቁጠርና ንገረኝ፣ አንተው ነህ ስንት ዓመት የሄድከው። «አንድ።» ልክ ነው፣ አንድ ወንበር ነው ያለው፤ ለሁለተኛ ቦታ የለም። እሱ ብድግ ብሎ ሲወጣ አንተ ምን ታደርጋለህ?

አልሰማሁህም።

«እቀመጣለሁ።»

ትቀመጣለህ። እሱስ? በር ላይ ቆሞ ደንበኞቹን ያስተናግዳል፤ ፀሐይም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን፣ አንተ እስክትነሳ። አላባረረህም፣ ቶሎ ሂድልኝ አላለህም። ይህን ሁሉ ዓመት በወንድምህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው «ናቀኝ» የምትለው።

በል፣ አሁን ሳቅ። ... እሰይ። እንባው ቢቀላቀልበትም ምንም አይደለም፣ ፎቶ አንሺውም ተቀላቅሎበት ነበር። አሁን ሂድና ሱፍህን አስተኩስ። እሁድ የአባታችሁ ወንበር ባዶውን ይጠብቅሃል፤ ሄደህ ተቀመጥበት፣ ያንተ ነው። ውብሸት ሙሽራዋን ይዞ ጉልበትህን ሊስም ጎንበስ ሲል ግን ጉልበትህ እስኪደርስ አትጠብቀው። ያን ጊዜ አንተ ብድግ በልለት።